ተከራዩን ነጻ ያወጣው ማን ነው?

ጠጋ በሉ፤ ይቺ ጮክ ተብላ የምትወራ አይደለችም። አልፍሬድ ሂችኮክ በ1926 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ለንደን ውስጥ የቀረጸው «ዘ ሎጀር»፣ «ተከራዩ» እንበለው፣ የሚባል ድምፅ አልባ ፊልም አለ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል «ይህ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው ወይስ አይደለም?» እያሰኘ ያስጨንቃችኋል። መልሱን የሰጠው ግን ሂችኮክ አይደለም። ልቦለዱን የጻፈችው ሴትም አይደለችም። ካሜራው ሳይነሳ፣ ፖስተሩ ላይ የማን ፊት እንደሚወጣ በታወቀበት ዕለት ነገሩ አልቆ ነበር። ጉሙም፣ ጥላውም፣ ደረጃውም ፍርዱ ቀድሞ ተጽፎ ኪስ በገባ ክስ ላይ የሚደረግ ክርክር ናቸው።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በለንደን በየማክሰኞው ማታ አንዲት ባለወርቃማ ፀጉር ሴት ትገደላለች። ገዳዩ «ተበቃዩ» የሚል ቃል ያለበት ባለሦስት ማዕዘን ወረቀት ትቶ ይሄዳል። የዓይን ምስክር የሆነች ሴት ፊቱን በስካርፍ የሸፈነ ሰው አየሁ ትላለች። ከዚያ የባንቲንግ ባልና ሚስት በር ይንኳኳል። ሚስትየዋ ስትከፍት ከጉሙ ውስጥ ፊቱን በስካርፍ የሸፈነ መልከ መልካም ወጣት ብቅ ይላል፤ የሚከራይ ክፍል ይፈልጋል። ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን የባለወርቃማ ፀጉር ሴቶች ሥዕሎች ሊያያቸው አይችልም፤ ይነሱልኝ ይላል። የቤቱ ልጅ ዴዚ ደግሞ ፀጉሯ ወርቃማ ነው። የእሷ ወዳጅ ጆ ፖሊስ ነው፤ ያውም ገዳዩን አድኖ እንዲይዝ የተመደበ።

እዚህ ድረስ ያለውን ነገር የሠራው የ26 ዓመት ጎልማሳ ነው ቢባል የሚያምን የለም። ሂችኮክ ከሁለት ዓመት በፊት በርሊን ሄዶ፣ ኖይባበልስበርግ ስቱዲዮ ውስጥ ጀርመናዊው ዳይሬክተር ሙርናው ሲቀርጽ አይቶ ነበር፤ ያየውን ደግሞ አልረሳም። ድምፅ በሌለበት ፊልም የእግር ኮቴ እንዴት ይሰማል? ወፍራም የመስታወት ወለል አሠራ፤ ተዋናዩን በላዩ ላይ እያመላለሰ ከሥር ቀረጸው። ታች ያሉት ሰዎች ቀና ይላሉ፤ የጣሪያው መብራት ይወዛወዛል፤ ጣሪያው ራሱ እንደ ውኃ ጠርቶ የሰውየው ጫማ ከወዲያ ወዲህ ሲመላለስ ይታያል። ሌሊት ሲወጣ ደግሞ ከላይ ከደረጃው አናት ላይ ሆነን የምናየው እጁን ብቻ ነው፤ ነጭ እጅ መደገፊያውን ይዞ እየተሽከረከረ ወደ ታች ይወርዳል። አከራይዋ አልጋዋ ላይ ሆና ታዳምጣለች። እኔ በሙያዬ ኤዲተር ነኝ፤ ይህን ደረጃ ስንት ጊዜ ወደ ኋላ መልሼ እንዳየሁት አትጠይቁኝ።

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ።

መጽሐፉን የጻፈችው ማሪ ቤሎክ ላውንድስ ናት። መነሻዋ በ1888 ኋይትቻፕል ውስጥ ሴቶችን ያረደውና እስከ ዛሬ ማንነቱ ያልታወቀው «ጃክ ዘ ሪፐር» ነው። በ1911 አጭር ልብ ወለድ አድርጋ፣ በ1913 ደግሞ አስፍታ ሙሉ መጽሐፍ አወጣችው። በመጽሐፏ ተከራዩ ንጹሕ ሰው አይደለም። የሚያስፈራውም እሱ ብቻ አይደለም፤ አከራይዋ ናት። ችግር ያንገላታት፣ የቤት ኪራይ ገንዘቡ ከርሃብ ያወጣት ሴት ናት። ትጠረጥራለች፤ ታውቃለች፤ ዝም ትላለች። እንጀራዋን በእጁ የያዘ ሰው ላይ ጣቷን መቀሰር አቃታት። ከዚህ የበለጠ የሚያስበረግግ ነገር አላውቅም፤ ደግሞ ምንም ጉም አያስፈልገውም።

ፊልሙ ግን አይቨር ኖቬሎን ያዘ። ኖቬሎ ማለት በዘመኑ እንግሊዝ ሴቶች ስሙን ሲሰሙ የሚያቃስቱለት፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደርና ቤተሰብ ያንጎራጎረውን ዜማ የደረሰ፣ ፎቶው ብቻ ትኬት የሚሸጥ የዌልስ ልጅ ነው። የጌንስቦሮው ኩባንያ አለቃ ማይክል ባልከን እሱን ሲያስፈርም የፈለገው ይህን ነው፤ ይፈረድበታል አልልም። ግን እንዲህ ያለ ፊት የሴት አንገት ሲያንቅ ማየት ማን ይፈቅዳል? ሂችኮክ ከዓመታት በኋላ፣ በ1962 ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው ረጅም ጭውውት ነገሩን ሳይደባብቅ ተናግሮታል፦ እሱ የፈለገው ተከራዩ ወደ ሌሊቱ ጨለማ እንዲገባና እውነቱን ፈጽሞ እንዳናውቅ ነበር፤ ነገር ግን ዋናው ተዋናይ ኮከብ ከሆነ ንጹሕነቱን በትልቅ ፊደል መጻፍ ግድ ነው።

በዚህ ብቻ አላበቃም። ግሬም ከትስ የሚባል፣ ሂችኮክ ትናንት ረዳቱ ሆኖ የሠራለት አንጋፋ ዳይሬክተር በስቱዲዮው ኮሪደር እየዞረ ልጁ የሚቀርጸው ነገር አንገትና እግሩ አይታወቅም እያለ ያስወራ ነበር። ቅናት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ወሬው ግን ይሠራል። ፊልሙ ሲያልቅ አከፋፋዩ ሲ. ኤም. ዎልፍ ሊያየው መጣ። ሂችኮክና እጮኛው አልማ ሬቪል፣ የፊልሙ ረዳት ዳይሬክተር ነች፣ ስቱዲዮ ቁጭ ብለው መጠበቅ አቅቷቸው የለንደንን ጎዳና ሲዞሩ ቆዩ። ሲመለሱ ፍርዱ ተሰጥቷል፦ ፊልሙ አይታይም፤ መደርደሪያ ላይ ይውጣ።

ባልከን ገንዘቡ መደርደሪያ ላይ አቧራ እንዲጠጣ አልፈለገም። አይቨር ሞንታጉ የሚባል፣ ገና 22 ዓመት የሆነው፣ የለንደን ፊልም ማኅበርን ካቋቋሙት አንዱ የሆነ ልጅ ጠራ። (ይህ ልጅ በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉን የጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን አቋቁሞ ከ40 ዓመት በላይ መርቶታል። አንዳንድ ሰው እንዴት ጊዜ እንደሚያገኝ አይገባኝም።) ሞንታጉ ፊልሙን አይቶ ሰዎቹን አሳፈራቸው፤ ምንም የሚጠገን ነገር የለውም ማለት ይቻላል አለ። የሠራው ነገር ቢኖር በየመሀሉ የሚገቡትን ጽሑፎች ከብዙ መቶ ወደ 80 ገደማ ማውረድ፣ ጥቂት ትዕይንቶች ዳግም እንዲቀረጹ መጠቆም፣ ለርእሶቹ ደግሞ የምድር ውስጥ ባቡር ፖስተሮችን ይሥል የነበረውን ማክናይት ካውፈርን ማስመጣት ነው። ሂችኮክ መጀመሪያ ተቀየመ ይባላል፤ የማይቀየም ዳይሬክተር አላየሁም። በመስከረም 1926 ለባለሙያዎች ሲታይ የፊልም ጋዜጦቹ በሀገሪቱ ከተሠሩት ሁሉ ምርጡ ሳይሆን አይቀርም እስከ ማለት ደረሱ። በየካቲት 1927 ለሕዝብ ተከፈተ።

ልብ በሉልኝ፦ አከፋፋዩ አልወደደውም፤ ኤዲተሩ አዳነው፤ ጋዜጣው አሞገሰው። መጨረሻውን የነካው ሰው ግን የለም። እሱ ላይ ሁሉም ተስማምተዋል።

መጨረሻው እንዲህ ነው። ጆ ተከራዩን በካቴና ያስረዋል። ሻንጣው ሲከፈት ሽጉጥ፣ ግድያዎቹ የተፈጸሙባቸው ቦታዎች ምልክት የተደረገበት ካርታ፣ የጋዜጣ ቁርጥራጭና የአንዲት ባለወርቃማ ፀጉር ሴት ፎቶ ይገኛል። ያመልጣል። ለዴዚ ይነግራታል፦ የመጀመሪያዋ ሟች እኅቴ ናት፤ እናቴ ስትሞት ገዳዩን ለፍርድ ሳላቀርብ ላላርፍ ቃል አስገብታኛለች። ከዚያ መጠጥ ቤት ያለ ሕዝብ ጠርጥሮ ያሳድደዋል። አጥር ሊዘል ሲል ካቴናው በብረቱ ሹል ይያዝና ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ሕዝቡ ከላይም ከታችም ይቦጫጭቀዋል። ትሩፎን ጨምሮ ብዙ ሰው የስቅለት ሥዕል ያየበት ትዕይንት ይህ ነው። ጆ ግን ቀደም ብሎ በስልክ ሰምቷል፤ እውነተኛው «ተበቃይ» ከአሥር ደቂቃ በፊት እጅ ከፍንጅ ተይዟል። ጋዜጣ ሻጩ ወሬውን ለሕዝቡ ያደርሳል። ሰውየው ይወርዳል። ቀጥሎ ትልቅ ቪላ፣ ሀብታም ተከራይ፣ ዴዚና መሳሳም።

ገዳዩን አየነው? አላየነውም። ማን ያዘው? አይታወቅም። በፊልሙ ውስጥ ስሙ ያልተነሳ ሰው፣ እኛ ያላየነው ቦታ፣ ያላየነውን ሰው ይዟል። በስልክ ተነገረን።

ይቺን የሙያ ምስጢር ያዙልኝ፦ መጨረሻ በወሬ ከመጣ ታዝዞ የመጣ ነው። ደራሲው ከልቡ የደረሰበት መጨረሻ ይታያል። ንግዱ የጠየቀው መጨረሻ ይነገራል፤ በጋዜጣ፣ በስልክ፣ በደብዳቤ፣ በሬዲዮ። ርካሽ ነው፤ ቀድሞ የተሠራውን አያፈርስም፤ አንድ ወረቀት ብቻ ይበቃዋል። በእኛም ኤዲቲንግ ክፍሎች ይህ ያልደረሰበት ያለ አይመስለኝም። አንድ ፊልም ላይ፣ ስሙ ይቆይልኝና፣ ተጠርጣሪውን የሚጫወተው ልጅ ሕዝብ የሚወደው ስለነበር ፕሮዲዩሰሩ ትከሻዬ ላይ ቆሞ «ወንድሜ፣ እሱ ገዳይ ከሆነ ማን ይገባልናል?» አለ። ዳይሬክተሩ ማኪያቶውን እያማሰለ ዝም። ቀረጻ አልቋል፤ ተዋናዩ ሌላ ሥራ ላይ ነው። ምን አደረግን? ሳሎን ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ላይ ዜና አስነበብን፦ ፖሊስ ዋናውን ወንጀለኛ በቁጥጥር ሥር ማዋሉን አስታወቀ። ሲኒማ ቤት ሰው አጨበጨበ። እኔ የመጨረሻው ወንበር ላይ ሆኜ አንገቴን ደፋሁ፤ ፕሮዲዩሰሩ ግን ገንዘቡን አስመለሰ።

አንድ አንባቢ ቢቆጣኝ ይገባኛል፤ በእውነተኛው ዓለምስ ዋናው ወንጀለኛ እንዲህ በድንገት አይያዝም? ይያዛል። አዶልፍ ቤክ የሚባል ኖርዌያዊ በ1896 ለንደን ውስጥ ሴቶች እያታለለ ጌጥ ወሰደ ተብሎ፣ ምስክሮቹም እሱ ነው ብለው ምለው፣ የሰባት ዓመት እስራት ተፈረደበት። በ1904 ደግሞ በዚያው ዓይነት ክስ እንደገና ጥፋተኛ ተባለ፤ ቅጣቱን ሲጠብቅ እውነተኛው አታላይ በሌላ ቀን ሥራው ላይ ተያዘ። ፊልም ቢሆን ማን ያምናል ትላላችሁ። ልዩነቱ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ ጉዳዩ ተመረመረ፤ የምርመራው ውጤት ብዙ ሰው አሳፈረ፤ በ1907 እንግሊዝ የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት አቋቋመች። ስሕተቱ ባለቤት አገኘ።

ተከራዩ ላይ ያለኝ ቅሬታ እዚህ ጋ ነው። ንጹሕ መሆኑ አይከፋኝም፤ ንጹሕ ሰው የተጠረጠረበት ታሪክ ጥሩ ታሪክ ነው። የሚከፋኝ ማንም ምንም አለመክፈሉ ነው። ጆን ተመልከቱት። ዴዚን ከተከራዩ ጋር ሲያያት ቅናት ያዘው፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ መሬት ላይ የቀረውን የጫማ ዱካ ሲያይ ማስረጃዎቹ በዱካው ውስጥ አንድ በአንድ ይመጡለታል። በጣም የሚደነቅ ቀረጻ ነው፤ ምክንያቱም ሂችኮክ የሚነግረን ይህ ሰው የደረሰበት ድምዳሜ ከጭንቅላቱ ሳይሆን ከሆዱ እንደመጣ ነው። በቀናበት ቀን ጠረጠረ። ፖሊስ ሆኖ ባላንጣውን አሰረ። ሰውየው በዚህ ካቴና ምክንያት አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሊሞት ነበር። ከዚያስ? ጆ ሮጦ ያድነዋል፤ ጥሩ ሰው ሆኖ ይወጣል። አከራይዋስ? መጽሐፉ ውስጥ ዝምታዋ ኃጢአት የሆነባት ሴት እዚህ አዲስ ልብስ ለብሳ ቪላ ትጎበኛለች። ቦጫጫቂው ሕዝብስ? ጋዜጣ አንብቦ ወደ ቤቱ። አንዲት ወረቀት የሁሉንም ዕዳ ሰረዘች።

ሂችኮክ ግን ዝም ብሎ አልተቀበለም፤ ይህን የምላችሁ ፊልሙን ፍሬም በፍሬም ካየሁ በኋላ ነው። ተከራዩ ስለ እኅቱ ሞት የሚተርክበትን ትዝታ እዩት። የዳንስ ምሽት ነው፤ ከእኅቱ ጋር የሚደንሰው ራሱ ነው። አንድ እጅ መብራቱን ያጠፋል፤ የማን እጅ እንደሆነ አይታይም። ሲበራ ሞታለች። ተራኪው ማን ነው? ተጠርጣሪው። ምስክሩስ? እሱው። በመጨረሻው ቪላ ደግሞ ሁለቱ ሲሳሳሙ ከመስኮቱ ባሻገር፣ ፊልሙ ግድያ በሚያወራበት ጊዜ ሁሉ ይበራ የነበረው «ዛሬ ማታ ወርቃማ ፀጉሮች» የሚለው ማስታወቂያ ብልጭ ድርግም ይላል። ፕሮዲዩሰር ይህን አያስተውልም፤ መሳሳሙን ነው የሚያየው።

ሆኖም ሂችኮክን እንደ ጻድቅ አታድርጉብኝ። ሰውየው ቃለ መጠይቅ ላይ ታሪክ ማሳመር ይወድ ነበር። በ1941 ለአርኬኦ ኩባንያ «ሰስፒሽን» የተባለውን ሠራ፤ ሚስት ባሏ ሊገድላት ነው ብላ የምትጠረጥርበት ነው። መነሻው የፍራንሲስ አይልስ መጽሐፍ ሲሆን እዚያ ባልየው እውነትም ገዳይ ነው፤ ሚስቱም እያወቀች መርዙን ትጠጣለች። ባልየውን የሚጫወተው ግን ኬሪ ግራንት ነው። እንግዲህ የኖቬሎ ነገር እንደገና። ሂችኮክ ለትሩፎ ሲያወጋ ያሰበው ሌላ መጨረሻ እንደነበረ ይናገራል፦ ሚስትየዋ ባሌ ገዳዬ ነው የሚል ደብዳቤ ለእናቷ ትጽፋለች፣ እሱን ፖስታ አድርስልኝ ብላ ወተቱን ትጠጣለች፣ እሱም እያፏጨ የራሱን ክስ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ሲሰማ ምራቅ ያስውጣል። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ዶናልድ ስፖቶ ግን በኩባንያው ሰነዶች ላይ ተመሥርቶ፣ ሂችኮክ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሴትየዋን ከንቱ ጥርጣሬ ሊሠራ ፈልጎ ነበር ብሎ ይሞግታል። እኔ መሀል ሰፋሪ ነኝ። የማውቀው በስክሪኑ ላይ ያለውን ነው፤ ወተቱ በውስጡ አምፖል ተደርጎለት በጨለማ ደረጃ ላይ ሲያበራ የሚታይበት ፊልም፣ በመጨረሻ መኪና ውስጥና መንገድ ዳር በሚደረግ ማብራሪያ ይዘጋል። «እኔኮ እንዲህ አስቤ ነው እንጂ...» አሁንም ወሬ።

ኮከብ በሌለበትስ? በ1944 ጆን ብራም ያንኑ የቤሎክ ላውንድስ መጽሐፍ በሆሊዉድ ሠራው። ተከራዩን የተጫወተው ላርድ ክሬጋር ነው፤ ግዙፍ፣ ከባድ፣ ዓይኑ የሚከብድ ተዋናይ፤ ማንም ፎቶውን ትራሱ ሥር አያደርገውም። እሱ ገዳይ እንዲሆን ተፈቀደለት፤ ቴምዝ ወንዝ ገብቶም ሞተ። አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት ፊት፣ ሁለት ፍርድ።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን የ1956ቱ «ዘ ሮንግ ማን» ነው፤ እዚህ ፊልም ላይ ሂችኮክ ለራሱ ደመወዝ እንኳ አልወሰደም። ታሪኩ እውነተኛ ነው። ማኒ ባለስትሬሮ በኒው ዮርክ ስቶርክ ክለብ ባስ የሚጫወት፣ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ነው። በ1953 መጀመሪያ የሚስቱን የጥርስ ሕክምና ሊከፍል በኢንሹራንስ ፖሊሲዋ ሊበደር ወደ ቢሮው ሲሄድ የቢሮው ሴቶች ባለፈው የዘረፈን ይህ ነው አሉ። ፖሊስ ወረቀት ሰጥቶ አጻፈው፤ ዘራፊው የተሳሳተውን ፊደል እሱም ተሳሳተ። ሄንሪ ፎንዳ ይህን የሚጫወተው ምንም ሳያካብድ ነው፤ የጣት አሻራው ሲወሰድ ቀለሙ የቀረበትን እጁን የሚያይበት አስተያየት ለብቻው ሌላ ፊልም ይወጣዋል። ዋናው ሌባ በኋላ ተያዘ፤ ይሄ በእውነትም የሆነ ነው። ፊልሙ ደግሞ እዚህ ላይ ትልቁን ነገር ያደርጋል። በቬራ ማይልስ የተጫወተችው ሚስቱ ሮዝ በጭንቀቱ አእምሮዋ ተነክቷል። ማኒ ወዳለችበት ተቋም ሄዶ ነጻ ወጣሁ ሲላት ለእሷ ምንም አልሆነላትም። ለአንተ ጥሩ ነው ትለዋለች፣ እንደ ጎረቤት። ዕዳውን የሚከፍል ሰው ተገኘ፤ ያውም ምንም ያላጠፋችው። ሰውየው በኮሪደሩ ወደ ውጭ ይሄዳል።

እዚያ ላይ መቆም ነበረበት። አልቆመም። ጽሑፍ መጣ፦ ከሁለት ዓመት በኋላ ሙሉ በሙሉ ድና ወጣች፣ ዛሬ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ፍሎሪዳ በደስታ ትኖራለች። ዘንባባ ያለበት ጎዳና ላይ አራት ሰዎች ከሩቅ ሲሄዱ ይታያሉ። ሂችኮክ ራሱ ይህን ፊልሙን ከደከሙት ሥራዎቹ መድቦታል፤ እኔ ከዚያች ጽሑፍ በፊት ያለውን ከምርጦቹ እመድባለሁ። ቤት ስናየው ሪሞቱን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ኮሪደሩ ላይ ስደርስ አጠፋዋለሁ።

ሚስቴ በዚህ ነገር ከፕሮዲዩሰሮቹ ጋር ናት። «አብራው!» ትለኛለች፤ «ሴትየዋ መዳኗን አንብቤ ልተኛበት፤ አንተ ምን ቸገረህ፣ ለሥራህ ብለህ ሰው ታሳብዳለህ።»